ነጩን ጋውን ከመልበስ በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በነርሲንግ፣ በሚድዋይፈሪ፣ በሕክምናና በሌሎች የጤና ሙያዎች ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ለሚወጡ ወጣቶች ነው። መምህራንና ወላጆችም አብራችሁን ብትቆዩ ደስ ይለናል። ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ደግሞ ነገሩን ከአልጋው በኩል አይታችሁታልና የምናገረውን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ።

ተማሪ ዋርድ ከመግባቱ በፊት በኮሌጁ ስኪል ላብ ይለማመዳል። በፕላስቲክ ክንድ ላይ ካኑላ ያስገባል፣ በሞዴል ላይ ቁስል ያጥባል፣ አልጋ ያነጥፋል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ግን አያፍርም፣ አያመውም፣ «ልጄ፣ ምን አገኛችሁብኝ?» ብሎም አይጠይቅም። ተማሪው ዋርድ ሲገባ ከመርፌው በፊት የሚጠብቀው ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ዶክተር» በሚል መጠሪያ ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ለታካሚው ዶክተር ነው፤ ሴት ከሆነች ሲስተር ናት። ትናንት ልምምድ የጀመረ ልጅም ከዚህ ስም አያመልጥም። ስሙ ደስ ይላል፤ ቤተሰብም በዚያው ስም ሲጠራው ቆይቶ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት እናት «ዶክተር» ብላ ስትጠራ እምነቷን መስጠቷ ነው። ለሌላ ሰው የማታሳየውን ገላዋን የምታሳየው፣ ለባሏ ያልነገረችውን የምትነግረው ያክመኛል ብላ ስላሰበች ነው። የሚያናግራት ተማሪ ከሆነ ያንን የማወቅ መብት አላት። ስለዚህ ከመርፌና ከመድኃኒት በፊት በቃል ሊጠና የሚገባው «ተማሪ ነኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዴት እንደሚባል አብረን እንየው። አልጋው አጠገብ ደርሳችኋል። «ደህና አደሩ እማማ? ስሜ ሰላም ይባላል፤ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የምሠራው ከሲስተር ጋር ነው። ካልከበደዎት የደም ግፊትዎንና ትኩሳትዎን ልለካ?» ይህን ብላችሁ መልስ ጠብቁ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ ክንዳቸውን ይይዛል። እሺ ካሉ ቀጥሉ። ዝም ካሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ፣ ያ እሺታ አይደለም። «ችግር የለም እማማ፣ አመሰግናለሁ። ሕክምናዎ አይቋረጥም፤ ለሲስተር እነግራታለሁ» ብላችሁ ሂዱ። ሕክምናው እንደማይቋረጥ መናገር ግድ ነው፤ ተማሪ ብመልስ ዶክተሩ ይቀየመኛል ብሎ እየተሳቀቀ እሺ የሚል ታካሚ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» የሚለው ነው። ባል በሩ ላይ አስቁሞ «ትድናለች ወይ?» ቢል ተማሪው ምን ይመልሳል? ርኅራኄ ይዞት «አይዞህ፣ ምንም የለባትም» ይላል። ቃሉ ከደግነት የመጣ ነው፤ ሰውዬው ግን ይህን ሰምቶ ዘመድ መጥራቱን ሊተው፣ ልጆቹን ሳያመጣ ሊቀር ይችላል። አላውቅም ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው እመለሳለሁ ብሎ መቅረት ነው። መልሱ ባይገኝ እንኳ «ዶክተሯን ጠይቄያለሁ፤ ራሷ ከራውንድ በኋላ ታነጋግርሃለች» ለማለት ተመለሱ።

ይኸው ዓረፍተ ነገር ወደ ላይም ይሠራል። ሥራ የበዛባት ነርስ ከሩቅ «ያቺን መርፌ ስጫት» ብላ ልታዝዝ ትችላለች። ያ መድኃኒት በደም ሥር በዝግታ የሚሰጥ ይሁን በጡንቻ ተማሪዋ አታውቅ ይሆናል። ታላቅ ሲያዝ እምቢ አይባልም ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ «ሲስተር፣ ይህን ብቻዬን ሰጥቼ አላውቅም፤ አጠገቤ ቢሆኑልኝ» የሚለውን በትሕትና ማለት ኮሌጅ ውስጥ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ጓደኛን እንደ ኃላፊ ነርስ አቁሞ መለማመድ ይኖርባታል። መምህራን፣ ለዚህ ግማሽ ቀን ብትሰጡ አይበዛም።

አጠራርም ትምህርት ነው። ታካሚው «አልጋ 7» አይደለም። አዛውንት አባባ ናቸው፣ እናት እማማ ናቸው፣ መነኩሴው አባ ናቸው፤ አንቱታ ለማን እንደሚገባ እናቶቻችሁ አስተምረዋችኋል፣ ሆስፒታል ስትገቡ አይቀየርም። መድኃኒት ሲሰጥ ግን ከአክብሮቱ ጋር ሙሉ ስም ያስፈልጋል። በአንድ ዋርድ ሁለት ፋጡማ አሕመድ ወይም ሁለት አልማዝ ተስፋዬ መተኛታቸው ብርቅ አይደለም፤ እስከ አያት ድረስ ጠይቁ፣ ከካርዱ ቁጥር ጋር አመሳክሩ። ስትጠይቁም «አልማዝ ነዎት?» አትበሉ። የደከመ ወይም ጆሮው የከበደ ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል። «ስምዎን ይንገሩኝ?» በሉ፤ ከአፋቸው ይውጣ።

ራውንድ ላይ ደግሞ ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ ሬዚደንቱ ተሰብስቦ አንድ አልጋ ይከባል። ጋቢው ይነሳል። የሚመረመረው ሆድ ከሆነ ደረት ለምን ይገለጣል? መጋረጃ በሌለበት ዋርድ ተማሪዎች ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቢቆሙ መጋረጃ ይሆናሉ፤ ማንም ሳያዛቸው ይህን የሚያደርጉ ተማሪዎች ሲያጋጥሙ ደስ ይላል። ስለ ሕመሙ በእንግሊዝኛ ስናወራ ታካሚው አይሰማም ብላችሁም አታስቡ። ካንሰር የምትለዋን ቃል ማንም ለይቶ ይሰማታል፤ የፊታችሁን መጥቆርም ያነባል።

አሁን ቀላል ወደሚመስል ነገር ልውሰዳችሁ። ትንፋሽ መቁጠር። መሣሪያ አይፈልግም፤ ሴኮንድ ያለው ሰዓትና አንድ ሙሉ ደቂቃ ይበቃዋል። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ሳያስበው ይለውጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የልብ ምቱን አንጓው ላይ ይዛችሁ ቁጠሩ። ከጨረሳችሁ በኋላ እጁን አትልቀቁ። ምት እየቆጠራችሁ እንዳላችሁ ሆናችሁ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ አውርዱ፤ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ጋቢ ከሸፈነው የያዛችሁትን እጅ ቀስ አድርጋችሁ ሆዱ ላይ አሳርፉት፤ መነሳት መውረዱ በእጃችሁ ይሰማችኋል።

እዚህ ላይ እያቆየኋችሁ ያለሁት በብዙ አገር የሆስፒታል ቻርቶች ላይ አንድ ነገር ስለሚታይ ነው። ለዚህም ታካሚ 20፣ ለዚያም 20፣ ትናንትም 20፣ ዛሬም 20። የጤናማ አዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ስለሆነ ቁጥሩ ማንንም አያስደነግጥም። ግን አልተቆጠረም፤ ከላይኛው መስመር ተገልብጧል። ተማሪ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ካየ ሥራው እንዲህ ነው ብሎ ይለምደዋል። የትንፋሽ ፍጥነት ግን ብዙ ጊዜ ሰውነት ሊከዳ ሲል ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ የሚለወጥ ነው።

በሕፃናት ዘንድ ጉዳቱ ይበልጥ ይከፋል። ሳልና የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሐኪሙም የሚመሩት በዚሁ ቁጥር ነው፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ጨቅላ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ልጁ ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ያልቆጠራችሁትን 38 ብትጽፉ የሳንባ ምች ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ልትሸኙት ትችላላችሁ። ካልቆጠራችሁ ባዶ ተዉት። ባዶው ቦታ ያልተሠራ ሥራ መኖሩን ለቀጣዩ ሰው ይነግረዋል።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። ታካሚው አምስት ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይረፍ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ። የመለኪያው ጨርቅ በሹራብ ላይ አይጠቀለልም። እየለካችሁ አታናግሩት።

ወደ እጅ እንምጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ቪየና በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በተማሪዎቹ ክፍል እጅግ ይበልጡ ስለነበር ሴቶች እዚያ ላለመግባት ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን ሲፈልግ የሥራ ባልደረባው በአስከሬን ምርመራ ላይ በተማሪ ቢላ ጣቱን ተወግቶ ሞተ፤ ሕመሙም የእናቶቹን መሰለ። ዜመልቫይስ ነገሩን ያገናኘው ያኔ ነው። ተማሪዎቹ አስከሬን ከነኩ በኋላ በዚያው እጃቸው ምጥ የያዛትን ሴት ይመረምሩ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ ሞቱም በጥቂት ወራት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለገዳዩ በሽታ መንገድ የከፈተው ጨካኝ ሰው እንዳልነበር ለማሳየት ነው። ለመማር የጓጓ፣ ትጉ ተማሪ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዛቸው የእጅ ንጽሕና ጊዜያት አምስት ናቸው፤ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ካጋጠመ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም አልጋውንና ዕቃውን ከነኩ በኋላ። በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በውኃና ሳሙና ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል። ውኃ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል አንድ ትንሽ ጠርሙስ አልኮል በኪስ ይያዝ። ጓንት ማድረግም መታጠብን አይተካም፤ በአንድ ጓንት ሁለት ታካሚ መንካት ለሁለተኛው ታካሚ ካልታጠበ እጅ አይሻልም።

የማዋለጃ ክፍል ነገር ደግሞ ከልቤ ያሳስበኛል። ተማሪው ሎግቡክ ላይ የሚሞላው ቁጥር አለው፤ ይህን ያህል ወሊድ፣ ይህን ያህል የማሕፀን ምርመራ። ጊዜው አጭር፣ ተማሪው ብዙ ነው። አንዲት የምጥ እናት በተለያየ እጅ ደጋግማ ትመረመራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ምጡ በተፋፋመበት የመጀመሪያ ደረጃ በየአራት ሰዓቱ መመርመር ነው፤ ምርመራ በበዛ ቁጥር ኢንፌክሽኑም ይበዛልና። ስለዚህ አንድ ተማሪ፣ በእናቲቱ ፈቃድ፣ አሠልጣኙ ባለበት፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ይመርምር። ሌላው ጀርባዋን ያሽ፣ ውኃ ያቅርብላት፣ የፅንሱን የልብ ምት ያዳምጥ። ይህም ትምህርት ነው፤ በሎግቡክም ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ኮሌጆች ፊርማውን በቁጥር ብቻ ባይሰጡ፣ ያዩትን ብቻ ቢፈርሙ ብዙ ነገር ይቃና ነበር።

ስለ ራሳችሁ ደኅንነት ልናገር። ክትባት ያልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ደም በተነከረ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በኤች.አይ.ቪ. ግን ከ1,000 ውስጥ 3 ገደማ ነው። ተማሪው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ይበልጥ የሚተላለፈው ግን የመጀመሪያው ነው፣ ክትባትም አለው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። በሚያዝያ ዋርድ የሚገባ ተማሪ በጥቅምት መጀመር አለበት ማለት ነው። የምደባ ደብዳቤ ሲወጣ የሚታሰብበት ከሆነ ዘግይቷል።

የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ። የብዙዎች ጣት የሚወጋው እዚያ ላይ ነው። በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይቀየራል፣ በእጅ ተጭኖ ቦታ አይፈለግለትም። ከተወጋችሁ ደግሞ ጣታችሁን አትጭመቁ፣ በረኪና አታፍስሱበት። በውኃና ሳሙና ታጠቡና ወዲያውኑ ለኃላፊ ነርስ ወይም ለአሠልጣኛችሁ ተናገሩ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው በመርፌው ሳይሆን በመደበቁ ነው፤ ይቆጡኛል፣ ከልምምድ ያስወጡኛል ብሎ ሦስቱን ቀን በዝምታ ያሳልፋል። መምህራን፣ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የተወጋ ተማሪ እንደማይቀጣ በግልጽ ቃል ግቡላቸው። በሌሊት ተወግቶ ማንን እንደሚጠራም የሰውየውን ስልክ ጭምር ስጧቸው።

አለባበሱን ባጭሩ ልለፈው፤ ጣቱ የተሸፈነ የማያንሸራትት ጫማ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ቀለበትና አምባር ቤት የቀረ፣ ሹርባ ወይም ሒጃብ ወደ ኋላ የተያዘ። ቁርስ ግን ይበላ። ደም አይቶ፣ የቁስል ሽታ ሸትቶት፣ ብዙ ቆሞ የሚወድቅ ተማሪ አለ፤ ባዶ ሆድ ነገሩን ያባብሰዋል። የምትጾሙ ለአሠልጣኛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ፣ ጆሯችሁ ከጮኸ፣ ተቋቁሜ አልፋለሁ አትበሉ፤ ከታካሚውና ከንጹሕ ዕቃው ፈቀቅ ብላችሁ መሬትም ቢሆን ተቀመጡ። ይህ ለሙያው አትሆኑም ማለት አይደለም።

አንዳንድ ወላጅ ልጄ ዶክተር ሊሆን ሄዶ ሽንት ያስደፉታል ብሎ ይከፋል። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና በስደት ዘመን ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስነትን ሠልጥናለች፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ከሞተች በኋላ በመታሰቢያዋ አዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታልም የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረው። ታካሚን ማጠብ ቆዳውን ማየት ነው፤ አልጋ ላይ ከመቆየት የሚመጣ ቁስል ሊጀምር ሲል፣ እግር ሲያብጥ፣ ቁስሉ ሽታው ሲቀየር የሚያየው ያጠበው ሰው ነው።

አስታማሚዎችን ደግሞ አትለፏቸው። በአገራችን ዋርድ ሌሊቱን ወለል ላይ ተኝታ የምታድረው እህት ወይም ልጅ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ በስንት ሰዓት እንደቃዠ ታውቃለች። ቻርት ላይ የሌለው ብዙ ነገር እሷ ዘንድ አለ። ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ «እንዴት አደረ?» ብላችሁ ጠይቋት። ምርመራው ምን እንዳሳየ ግን ታካሚው ካልፈቀደ ለእሷም አይነገርም። ለጓደኛም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቴሌግራም ላይም አይነገርም። ከታካሚ ጋር ፎቶ መነሳት፣ ፊቱ ባይታይም እንኳ፣ አይገባም፤ ጎረቤት ሰውን በጋቢው ጥለት ይለየዋል።

መምህራንን የምለምነው ሌላም ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒተሪያን ተማሪዎቹን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ አብረው እየኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ ይማሩ ነበር። ዛሬ የሕክምና፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድ ዋርድ ቆመው ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። በመጀመሪያው ጠዋት ግማሽ ሰዓት አስተዋውቋቸው፤ ኃላፊዋን ነርስ፣ ጽዳት ሠራተኞቹን፣ ተረኛውንም። የኦክስጅኑን፣ የድንገተኛ መድኃኒቱንና የመውጫውን ቦታ አሳዩአቸው።

የመጀመሪያው ሞትም ይመጣል። ማለዳ ያነጋገሩት ሰው ከሰዓት በኋላ የለም፤ ዘመድ ደረቱን ይመታል፣ ይጮኻል። ተማሪው ምን እንደሚል አያውቅም፤ ብዙ እንዲልም አይጠበቅበትም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም እንደ ቤተሰቡ እምነት «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ፣ ወንበር አቅርቦ፣ ውኃ ሰጥቶ አጠገባቸው መቆም ይችላል። ማልቀስም ነውር አይደለም፤ ሥራ ካለው ግን ተተኪ ይፈልግ። አሠልጣኝ በዚያን ቀን ያንን ተማሪ ሳያነጋግር ወደ ዶርሙ ወይም ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም። ተቀምጦ ምን እንዳየ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር አዝዘውት እንደነበር፣ በማግስቱ ወደዚያው ዋርድ መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቀው። አልችልም ካለ ሌላ ዋርድ ይመደብ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይመለሳል።

የዋርድ ኃላፊ ነርሶች፣ ተማሪዎች ምን ተዘጋጅተው ቢመጡላችሁ እንደምትወዱ ጽፋችሁ ብትልኩልን በቀጣዩ ዝግጅታችን እናነበዋለን።